ካናዳዊ «ኧቡት» አይልም፦ ስለ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንግሊዝኛ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ ካናዳዊን ከአሜሪካዊ በአነጋገሩ ለመለየት ሰባት ነገር ማወቅ ይበቃል ይላል። ካናዳውያን «ስለ» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ኧቡት» ይሉታል። ንግግራቸውን ሁሉ በ«ኤይ» ይዘጋሉ። አጻጻፋቸው የእንግሊዞች ነው። ሶፋን «ቼስተርፊልድ» ከማለት በቀር የቃላት ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሆነው ባልሆነው «ሶሪ» ይላሉ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይናገራሉ። ይህም ሁሉ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተውጦ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ነው፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ ተነስቶ ቶሮንቶ ካሉ ዘመዶቹ ጋር ሊኖር የሚሄድ ሰው ግር እንዳይለው ታስቦ ነው። ከሰባቱ ግን እንዳለ የሚወሰድ አንድም የለም፤ ሰውን በእርግጥ የሚያደናግሩት ቃላት ደግሞ ጭራሽ አልተነሱም። እንደ አመጣጣቸው እንመልስ።

ከ«ኧቡት» እንጀምር። ይህን አባባል የፈጠሩት ካናዳዊን ሰምተው በላቲን ፊደል መጻፍ ያቃታቸው አሜሪካውያን ናቸው። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ይጽፈዋል። አሜሪካዊው የሚለው በራብዑ «ባ» ነው፣ «ኧባውት»። ጽሑፉ ለካናዳዊው የሰጠው በካዕቡ «ቡ» ነው፣ «ኧቡት»። ካናዳዊው ራሱ የሚለው ግን በግዕዙ «በ» ነው፣ «ኧበውት»። ድምፁን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ሰው» በሉና መጨረሻው ላይ የምላሳችሁን ጫፍ በጥርሶቻችሁ መሃል አድርጋችሁ ተንፍሱ፤ የካናዳዊው «ደቡብ» ወጣ ማለት ነው። አሜሪካዊው ያንኑ ቃል የሚጀምረው በ«ሳው» ነው። ቢላዋም እንዲሁ ነው፤ በካናዳዊ አፍ «ነይፍ» ይሆንና ከ«ሰይፍ» ጋር ቤት ይመታል፣ በብዙ አሜሪካዊ አፍ ግን «ናይፍ» ነው።

ጽሑፉ ያልነገረን ትልቁ ነገር ይህ ለውጥ ሕግ ያለው መሆኑን ነው። ድምፁ ወደ ግዕዝ የሚጠጋው ቀጥሎት የሚመጣው ተነባቢ ጉሮሮን የማያነዝር ሲሆን ብቻ ነው፣ እንደ ት፣ ክ፣ ፕ፣ ስ፣ ፍ ያሉት ሲከተሉት። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «ስስስ» ከዚያም «ዝዝዝ» በሉ፤ በሁለተኛው የሚሰማችሁ ንዝረት ነው መለያው። ስለዚህ ያው ካናዳዊ አንድን ቤት «ኸውስ» ይልና ሁለት ሲሆኑ «ሃውዚዝ» ይላል፣ ምክንያቱም «ስ» ወደ «ዝ» ስለተቀየረ። አንድ ቢላዋ «ነይፍ»፣ ብዙ ቢላዋ «ናይቭዝ»። ካናዳዊ ለመምሰል የሚሞክር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉንም ቃል ይጎትተዋል። ካናዳዊ «አሁን» ሲል «ናው» ይላል እንጂ «ነው» አይልም፣ ቃሉ የሚያልቅበት ተነባቢ የለውምና። ላም «ካው» ናት፣ ከፍተኛ ድምፅም «ላውድ» ነው፤ በእነዚህ ሁለቱ አገሮች አይለያዩም።

ይህን የድምፅ ባሕርይ ማርቲን ጁስ እ.ኤ.አ. በ1942 ገልጾታል፤ የቶሮንቶው የቋንቋ ሊቅ ጃክ ቼምበርስ በ1973 «የካናዳ ከፍታ» የሚለውን ስም ሰጠው። ስሙ የካናዳ ይሁን እንጂ ነገሩ የካናዳ ብቻ አይደለም። ዊሊያም ላቦቭ በ1963 ባሳተመው ጥናት በማሳቹሴትስ ጠረፍ ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው ደሴት ተመሳሳይ ድምፅ መዝግቧል፤ የ«ነይፍ» ዓይነቱ ደግሞ በብዙ የዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ ከተሞች ይሰማል። ስለዚህ አንድ ሰው «ነይፍ» ስላለ ብቻ ካናዳዊ ነው ማለት አይቻልም። «ኧበውት» ካለ ግምቱ ይጠነክራል፤ ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ጽሑፉ ያላነሳው ሌላ ምልክት ነው፣ ከውጭ ቋንቋ የተወሰዱ ቃላት። ፓስታ፣ ማዝዳ፣ ድራማ። አሜሪካዊው እነዚህን እንደ እኛው አፉን ከፍቶ በ«ፓ» እና በ«ማ» ይላቸዋል። አብዛኛው ካናዳዊ ግን ለድመት የሚለውን የ«ካት»ን ጠፍጣፋ አናባቢ ያገባባቸዋል፤ አማርኛ ይህ አናባቢ ስለሌለው መጻፉ ይቸግራል፣ ጆሮ ግን ወዲያው ይለየዋል። ምግብ ቤት ውስጥ ፓስታ ሲያዝ መስማት «ኧበውት» እስኪል ከመጠበቅ ይሻላል።

ወደ «ኤይ» ስንመጣ፣ ካናዳውያን ቃሉን ይጠቀማሉ፤ ሐሰት የሆነው «ሁሉ» የሚለው ነው። «ኤይ» ቦታ አለው። ዋናው ቦታው እኛ «አይደል?» የምንልበት ነው፦ «ዛሬ ይሞቃል፣ ኤይ?» የሚል ሰው አየሩን እየጠየቀ አይደለም፤ አብራችሁት እንድታረጋግጡ እየጋበዘ ነው። ያልሰማ ሰው እንዲደገምለት ብቻውን «ኤይ?» ይላል፣ እንደ እኛ «እ?»። አንድ ሰው ያማረረውን ነገር ሌላው ሲጋራው «አውቃለሁ፣ ኤይ» ይላል። ታሪክ ሲያወሩ በየሐረጉ መሃል እንደ «አየህ» የሚወረውሩትም አሉ፤ በቀልድ የሚመሰለው ይህኛው ሲሆን ካናዳውያን ራሳቸውም ብዙ አይወዱትም። መረጃ ፈልጎ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠይቆ ጫፉ ላይ «ኤይ» መቀጠል ግን ለጆሮ ይጎረብጣል። እንግዳ ሰው ቃሉን ሲዘራው የሚያስታውቅበትም በዚህ ነው። ቃሉ በኒውዚላንድም፣ በአሜሪካዋ ሚሺጋን ላይኛው ልሳነ ምድርም ይባላል፤ ሌላው አሜሪካዊ በዚያው ቦታ «ሃህ» ይላል።

«አጻጻፋቸው የእንግሊዞች ነው» የሚለው ደግሞ ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፍን ሰው በቀጥታ ይጎዳል። ካናዳዊ አጻጻፍ ድብልቅ ነው። ቀለምን ሲጽፉ በ«ኦ» እና በ«አር» መሃል «ዩ» ያገባሉ፣ ማዕከልን ሲጽፉ «አር»ን ከ«ኢ» ያስቀድማሉ፣ የባንክ ቼክን በ«ኪው» ይጽፋሉ፤ እስከዚህ እንግሊዝ ናቸው። ማደራጀትንና መገንዘብን ግን እንደ አሜሪካዊ በ«ዜድ» ይጽፋሉ፣ በ«ኤስ» አይደለም። የመኪና ጎማ በ«አይ» ነው እንጂ እንደ እንግሊዝ በ«ዋይ» አይደለም፤ ማስረጃው በየከተማው መውጫ ይታያል፣ በ1922 የተመሠረተው ካናዲያን ታየር የተባለው ሱቅ ስሙን በ«አይ» ነው የሚጽፈው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ («ከርብ») እና ፕሮግራም የሚሉትም በአሜሪካው መንገድ ይጻፋሉ። ፈቃድ («ላይሰንስ») የሚለው ቃል ስም ሲሆን በ«ሲ»፣ ግሥ ሲሆን በ«ኤስ» ነው።

ድብልቁ የመጣው ከታሪክ ነው። የአሜሪካ ነፃነት በ1783 ሲጸድቅ ለእንግሊዝ ንጉሥ የታመኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የቅኝ ግዛቱ ነዋሪዎች ወደ ሰሜን ተሰደዱ፤ የካናዳ እንግሊዝኛ አጥንቱ የእነዚህ ሰዎች ንግግር ነው። ካናዳዊ ከለንደኑ ሰው ይልቅ ለኦሃዮው ሰው የሚቀርበው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ከብሪታንያ የፈለሱት በላዩ ላይ ሌላ ድርብ ጨመሩበት። ኖህ ዌብስተር በ1828 ባሳተመው መዝገበ ቃላት «ዩ»ን ሲያስወግድ አሜሪካ ተከተለችው፤ ካናዳ ግን በ1890 በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድ ዘመን የመንግሥት ሰነዶች በ«ዩ» እንዲጻፉ ወሰነች። ያም ሆኖ የካናዳ ጋዜጦች ለረጅም ዘመን ያለ «ዩ» ይጽፉ ነበር። ተግባራዊው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ስልክና ኮምፒዩተር ላይ የፊደል ማረሚያውን ስታስተካክሉ ከ«እንግሊዝ» እና ከ«አሜሪካ» ሌላ «ካናዳ» የሚል ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ እሱን ምረጡ። ጽሑፉን አምኖ «እንግሊዝ»ን የመረጠ ሰው ጎማውን በ«ዋይ» ጽፎ ያርፋል።

ከሁሉ የሚከፋው አራተኛው ነጥብ ነው። «ከቼስተርፊልድ በቀር የቃላት ልዩነት የለም» ይላል። ቼስተርፊልድ የአያቶች ቃል ሆኗል፤ ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ወጣት የሆነ ሰው ሶፋን «ካውች» ነው የሚለው፣ ልክ እንደ አሜሪካዊው። የሞተውን ቃል አስተምሮ በየቀኑ ኪስ የሚነኩትን መዝለል ለአንባቢ መልካም አይደለም።

«ሃይድሮ»ን ውሰዱ። የቤት ኪራይ ማስታወቂያ «ሃይድሮ ለብቻ ይከፈላል» ሲል ከአሜሪካ የመጣ ሰው የውሃ ሂሳብ ይመስለዋል። በኦንታሪዮ፣ በኩቤክ፣ በማኒቶባና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሃይድሮ ማለት መብራት ነው። በእነዚህ ክፍለ ግዛቶች ኤሌክትሪኩ ከወንዝና ከፏፏቴ ይመነጭ ስለነበር፣ ኦንታሪዮ በ1906፣ ኩቤክም በ1944 ያቋቋሟቸው የመንግሥት ተቋማት ስማቸው ውስጥ ሃይድሮ አለ፤ ሕዝቡ የድርጅቱን ስም ለኃይሉ ሰጠው። እኛ አምፖሉንም ምድጃውንም የሚያንቀሳቅሰውን ሁሉ «መብራት» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ እኛ «መብራት ጠፋ» የምንለውን እነሱ «ሃይድሮው ጠፋ» ይሉታል። ውል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ቤቱ የሚሞቀው በምንድን ነው? ግድግዳው ሥር በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነና ሃይድሮ ለብቻ ከተባለ፣ የክረምቱን ማሞቂያ በሙሉ የሚከፍለው ተከራዩ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ የሚፈርሙ ሰዎች የጥር ሂሳብ ሲመጣ ይደነግጣሉ። አልበርታ ስትደርሱ ግን «ሃይድሮ» የሚል ሰው አታገኙም፤ እዚያ «ፓወር» ነው። በዚያው በኪራይ ማስታወቂያ ላይ የኦንታሪዮው «ባችለር» አሜሪካዊው «ስቱዲዮ» የሚለው አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ወንደላጤ ብቻ ይከራየው ማለት አይደለም።

ትምህርት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። አሜሪካዊ «ኮሌጅ ሄጃለሁ» ሲል ዲግሪ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲም ሊሆን ይችላል። ካናዳ ውስጥ ኮሌጅ ሲባል የሚታሰበው በአብዛኛው የሙያ ዲፕሎማ ወይም ሰርተፊኬት የሚሰጥ ተቋም ነው፤ ዲግሪ ያለው ሰው «ዩኒቨርሲቲ» ነው የሚለው። ባለ ዲግሪው በአሜሪካው ልማድ ኮሌጅ ጨረስኩ ካለ ቀጣሪው ዲፕሎማ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። እኛ ከአገር ቤት ይዘነው የወጣነው «ፍሬሽማን» የሚለው የአሜሪካ ቃል ነው፤ ካናዳ «አንደኛ ዓመት» ትላለች። ዘጠነኛ ክፍልን አሜሪካዊው እንደ እኛው ቁጥሩን አስቀድሞ ይጠራል፣ ካናዳዊው «ግሬድ» ብሎ ይጀምርና ዘጠኝን ያስከትላል። ካናዳዊ ተማሪ ፈተና «ይጽፋል»፣ አሜሪካዊው «ይወስዳል»፤ አሜሪካዊ አስተማሪ «ነገ ፈተና እጽፋለሁ» የሚል ተማሪ ቢሰማ ልጁ ፈተና የሚያወጣ ይመስለዋል።

ስብሰባ ላይ ያለውንም ልብ በሉ፤ የማኅበር ቦርድ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖች ብዙ ናቸውና። አንድን ሐሳብ «ጠረጴዛ ላይ ማድረግ» በካናዳ ለውይይት ማቅረብ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ለሌላ ጊዜ ማቆየት፣ ማለትም ከውይይት ማውጣት ነው። በአንድ ቃል ተቃራኒ ነገር ተወስኖ ይወጣል። የሁለቱ አገር ሰዎች አብረው በሚሰበሰቡበት ጊዜ ቃሉን ትቶ «እንወያይበት» ወይም «እናቆየው» ማለት ይሻላል።

«ደብል ደብል» ቡና ነው፣ ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር፤ በ1964 ሃሚልተን ውስጥ የተከፈተው ቲም ሆርተንስ የተባለው ቡና ቤት ያስፋፋው ሲሆን በ2004 የካናዳ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢን ኤን አውት በተባለው ምግብ ቤት ይህንኑ ብታዙ የሚመጣላችሁ ሁለት ሥጋና ሁለት አይብ ያለበት በርገር ነው። «ሚኪ» በካናዳ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የአልኮል ጠርሙስ ነው፤ አሜሪካዊ ጆሮ ግን ለሰው በስውር መድኃኒት የተጨመረበትን መጠጥ ይሰማል፣ ስለዚህ ድንበር ተሻግሮ ቃሉን መጠቀም አያዋጣም። መጸዳጃ ቤት ካናዳ ውስጥ «ዋሽሩም» ነው። የአንድ ዶላር ሳንቲም ከ1987 ጀምሮ «ሉኒ»፣ የሁለቱ ከ1996 ጀምሮ «ቱኒ» ይባላል። በግንባታና በቤት ጥገና የሚሠራ ሰው «ሮበርትሰን» የሚለውን ከወዲሁ ይያዝ፦ ጭንቅላቱ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ብሎን ነው፣ መፍቻውም በቀለም ይጠራል፤ አረንጓዴው ቁጥር 1፣ ቀዩ ቁጥር 2፣ ጥቁሩ ቁጥር 3። ካናዳዊ አለቃ «ቀዩን አቀብለኝ» ካለ ቁጥር 2ን ነው የፈለገው። አሜሪካ ውስጥ ይኸው መፍቻ የሚጠራው በአራት ማዕዘንነቱ ነው።

የአየሩም ነገር እዚሁ ይግባ። «ውጭ 30 ነው» የሚለው ቃል ቡፋሎ ውስጥ ካፖርት፣ ወንዙን ተሻግሮ ካናዳ ውስጥ ቲሸርት ያስለብሳል፤ የአሜሪካው 30 ፋራናይት ከዜሮ በታች 1 ሴንቲግሬድ ግድም ነው፣ የካናዳው 30 ሴንቲግሬድ ደግሞ 86 ፋራናይት። ካናዳ የአየር ዘገባዋን ወደ ሴንቲግሬድ የቀየረችው በ1975 ነው። ያው ካናዳዊ ግን ምድጃውን በ350 ፋራናይት ያሞቃል፣ ቁመቱንም በጫማ ይናገራል። የጎረቤት የዳቦ አሠራር ስትቀበሉ «350» የሚለውን ሴንቲግሬድ ነው ብላችሁ ከወሰዳችሁት ዳቦው ያራል።

ስለ «ሶሪ» ጥቂት ይበቃል። ቃሉን ካናዳዊው እንደ እኛው «ሶሪ» ይለዋል፣ አሜሪካዊው «ሳሪ»፤ ስለዚህ መለያው ብዛቱ ሳይሆን አናባቢው ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲገፋህ ራሱ ተገፊው «ሶሪ» የሚለው ጥፋተኛ ነኝ ለማለት አይደለም፤ እኛ የተደናቀፈውን «እኔን!» እንደምንለው ነው። ሕጉም ይህን ያውቃል፦ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006፣ ኦንታሪዮ በ2009 ባወጡት የይቅርታ ሕግ መሠረት አንድ ሰው አደጋ ደርሶ «ይቅርታ» ማለቱ በፍትሐ ብሔር ክርክር እንደ ጥፋት ማመን ተቆጥሮ አይቀርብበትም።

«ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት» የሚለውን ኒውፋውንድላንድ ብቻዋን ታፈርሰዋለች። ካናዳን የተቀላቀለችው በ1949 ነው፤ ንግግሯ ከደቡብ ምሥራቅ አየርላንድና ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከመጡ ዓሣ አጥማጆች የወረደ ነው፤ የቶሮንቶ ሰው እንኳ ሲሰማው ጆሮውን ያቀናል። ሞንትሪያል ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሰፈር ሱቅን በፈረንሳይኛው «ዴፓነር» ይላል፣ ቤት ሲከራይም «ሦስት ተኩል» ይላል፤ ሦስቱ ሳሎን፣ መኝታና ማዕድ ቤት ናቸው፣ ግማሿ መታጠቢያ ቤቷ ናት። ሳስካችዋን ኮፍያ ያለውን ሹራብ «የጥንቸል እቅፍ» ትለዋለች፣ ከዚያ ወጥቶ የሚረዳው ሰው ጥቂት ነው። ለእረፍት የሚሄዱበት የሐይቅ ዳር ቤት ደቡብ ኦንታሪዮ ላይ «ኮቴጅ»፣ ምዕራብ ላይ «ካቢን»፣ ሰሜን ኦንታሪዮ ላይ «ካምፕ» ነው። አሜሪካም አንድ አይደለችም፤ ለስላሳ መጠጥን ሰሜን ምሥራቁ «ሶዳ»፣ መካከለኛው ምዕራብ «ፖፕ»፣ ደቡቡ ምንም ዓይነት ቢሆን «ኮክ» ይላል። ቫንኩቨርና ሲያትል በአነጋገር የሚቀራረቡትን ያህል ሲያትልና አትላንታ አይቀራረቡም።

የመጨረሻው፣ «ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል» የሚለው ነው። ቼስተርፊልድ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ሁሉም ይጠፋል ማለት ግን አይቻልም። ለዚህ ከሁሉ የሚያስደስተው ምስክር የመጨረሻዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ናት። ካናዳውያን «ዜድ» ይሏታል፣ አሜሪካውያን «ዚ»። አገር ቤት የተማረ ሰው «ዜድ» ይዞ ስለሚወጣ ቶሮንቶ ላይ ምንም አይቸገርም፤ የሚቸገረው አሜሪካ ከርሞ «ዚ»ን የለመደው ነው። በስልክ አድራሻ ሲያስመዘግብ «ዚ» ከ«ሲ»፣ ከ«ዲ» እና ከ«ቢ» ጋር ይምታታል፣ «ዜድ» ግን ከማንም ጋር አይመሳሰልም። የካናዳ የፖስታ ኮድ ፊደልና ቁጥር እየተፈራረቁበት በስድስት ምልክት የሚጻፍ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮዱ ላይ «ዲ»፣ «ኤፍ»፣ «አይ»፣ «ኦ»፣ «ኪው» እና «ዩ» ጨርሶ አይገቡም፤ «ዜድ» መጀመሪያ ላይ አትቆምም እንጂ መሃል ትገኛለች። መዝጋቢው «ዚ»ን «ሲ» ብሎ ከጻፈው ደብዳቤው ሌላ ሰፈር ሊሄድ ይችላል።

የካናዳ ሕፃናት ግን ብዙዎቹ «ዚ» ይላሉ። ከአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ይሰሙታል፣ የፊደል መዝሙሩም ቤት የሚመታው በ«ዚ» እና በ«ሚ» ነው፤ «ዜድ» ካሉት መዝሙሩ ይሰበራል። ጽሑፉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ልጆቹን ሰምቶ «ጠፋ» አለ። እነዚያው ልጆች ሲያድጉ ግን «ዚ»ን ይተዉና ወደ «ዜድ» ይመለሳሉ። የቶሮንቶ የቋንቋ አጥኚዎች ልጆችን ጠይቀው፣ ከዓመታት በኋላ የዚያኑ ትውልድ ወጣቶች ሲጠይቁ ያገኙት ይህንን ነው፤ የዛሬዎቹ አዋቂዎችም በልጅነታቸው መዝሙሩን በ«ዚ» የዘመሩ ናቸው።